ነገርን ከሥሩ፦ ስለ ክራፍትቨርክና ስለ ዘመነኞቹ ለማንበብ ኢንተርኔት አርካይቭ ምን ያህል ያዋጣል?

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ ቡድኖች የተጻፈው ብዙ ነው፤ ከሥሩ የተቀዳው ግን ጥቂት። የጀርመኗ ዱሴልዶርፍ ከተማ ቡድን ክራፍትቨርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመሠረቱት ይህ ቡድን ለቃለ መጠይቅ ቁጥብ፣ ክሊንግ ክላንግ የተባለውን ስቱዲዮውንም ለእንግዳ እምብዛም የማይከፍት ነበር። በዚህ የተነሳ ከጥቂት ቃለ መጠይቆች የተገኙ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ከመጽሔት ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጡ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። አንድን ታሪክ አሥር ቦታ ያገኘ ሰው አሥር ምስክር አላገኘም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምስክሩ አንድ ነው።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው በጊዜው በታተመ መጽሔት፣ ከቡድኑ የወጡ አባላት በጻፉት ግለ ታሪክ፣ እንዲሁም ማንም ሊያሳምረው በማይችል የፓተንትና የፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለውን የመጻሕፍትና የመጽሔቶች የኢንተርኔት መዝገብ ቤት የመዘንነው ለዚህ ሥራ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለመጽሔት እጅግ ጥሩ፣ ለመጽሐፍ ግማሽ በግማሽ፣ የፍለጋውን ብልሃት ለማያውቅ ደግሞ አሰልቺ።

መዝገብ ቤቱ በ1996 በብሩስተር ኬል የተመሠረተ፣ መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ክፍያ የለውም፤ መጽሐፍ ለመዋስ ግን በኢሜይል መመዝገብ ያስፈልጋል። መጽሔቶችና የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍት ያለ ምዝገባም ይከፈታሉ። ለእኛ አገር አንባቢ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። የለንደን አሳታሚ ያወጣውን መጽሐፍ በዓለም አቀፍ ካርድ ገዝቶ በፖስታ ማስመጣት ለብዙ ሰው የማይሞከር ነገር ነው፤ እዚህ ግን ስልክ ካለ ይበቃል።

የውሰቱ አሠራር እንዲህ ነው። የመጽሐፉን ገጽ ስትከፍቱ ሰማያዊ የመዋሻ ቁልፍ ታያላችሁ። አብዛኞቹ ለ1 ሰዓት ብቻ ይሰጣሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላ ሰው ካልያዘው እንደገና መዋስ ይቻላል። አንዳንዶቹ ለ14 ቀን ይሰጣሉ። የ1 ሰዓቱ በድረ ገጹ ላይ ብቻ ነው የሚነበበው፤ ወደ ስልክ አይወርድም። ስለዚህ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ሳይሆን የተወሰነ ጉዳይ ለማጣራት ነው የሚመቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በመጽሐፉ ማሳያ ላይ ያለው የውስጥ መፈለጊያ ሳትዋሱም ይሠራል። የሰው ስም ብትጽፉ በየትኞቹ ገጾች ላይ እንዳለ፣ ከዙሪያው ጥቂት ቃላት ጋር ያሳያችኋል። መጀመሪያ ገጾቹን በወረቀት ላይ መዝግባችሁ ከዚያ ብትዋሱ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ግማሽ በግማሽ ያልነው ምክንያት አለው። አሽቴትን ጨምሮ አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ውሰቱን በመቃወም ከሰሱት፤ በመጋቢት 2023 ተፈረደበት፤ በመስከረም 2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል። በተግባር ሲታይ የመጽሐፉ ገጽ እንዳለ አለ፣ ሽፋኑ ይታያል፣ የውስጥ መፈለጊያውም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የመዋሻው ቁልፍ ግን ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ተመዝጋቢዎች ብቻ የተተወ ሆኗል። ቁልፉን ማጣት የእናንተ ስህተት አይደለም፣ ሌላ ኢሜይል ከፍቶ መሞከርም አይጠቅምም። ይልቅ የዚያው መጽሐፍ ሌላ እትም እንዳለ ፈልጉ። አንዱ እትም ተዘግቶ የቆየው እትም ክፍት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለምሳሌ የቶም ሆልምስ የኤሌክትሮኒክና የሙከራ ሙዚቃ መማሪያ ከ1985 ጀምሮ ደጋግሞ ታትሟል። አዲሱ እትም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሸጥ ውድ መጽሐፍ ነው፤ ከ1980 በፊት ስለነበረው ዘመን ለሚያነብ ሰው ግን የቆየው እትም ያን ያህል አይጎድለውም።

አሁን ወደ ፍለጋው፤ አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና ረዘም እናድርገው።

ዋናው የመፈለጊያ ሳጥን ካልነገራችሁት በስተቀር የሚፈልገው በርዕስና በመግለጫ ውስጥ ብቻ ነው። የቡድኑን ስም ጽፋችሁ ጥቂት መጻሕፍትና ብዙ የድምፅ ቅጂ ቢመጣላችሁ አትገረሙ። ከሳጥኑ ሥር ካሉት ምርጫዎች በጽሑፍ ይዘት ውስጥ ፈልግ የሚለውን መምረጥ ግድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጎርፍ ይመጣል። ክራፍትቨርክ በጀርመንኛ የኃይል ማመንጫ ማለት ነው፤ ስለዚህ የውሃ ግድብ ዘገባ፣ የከሰል ማመንጫ ጥናት፣ በተለይም ሲመንስና አኤጌ በጋራ ያቋቋሙት የኑክሌር ኩባንያ ይህንኑ ስም ይዞ ስለነበር የሬአክተር ሰነድ በሰነድ ላይ ይከመራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቡድኑን ስም ብቻውን አትፈልጉ፣ የአንድ አባል ስም ወይም የአልበም ርዕስ ጨምሩበት፣ ከግራ በኩልም ዓመቱን ከ1970 እስከ 1986 አጥብቡ።

የአባላቱ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መዝገብ ቤቱ የመጽሔት ገጾችን ወደ ፊደል የሚቀይረው በማሽን ነው፤ ማሽኑ በጀርመንኛ ሁለት ነጥብ የተጫነባትን ዩ (ü) ብዙ ጊዜ ሁለት አይ (ii) አድርጎ ያነባታል። በዚህ የተነሳ ሁተርም ፍሉርም ዱሴልዶርፍም በትክክለኛ ፊደላቸው ብትጽፏቸው የማይገኙባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። እያንዳንዱን ስም በሦስት መንገድ ሞክሩ፦ በባለ ነጥቧ ዩ፣ ነጥብ በሌላት ዩ፣ በሁለት አይ። ሦስተኛው መንገድ እንግዳ ይመስላል እንጂ በሁለቱ ያልተገኘውን ገጽ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው እሱ ነው። በ1971 ክላውስ ዲንገርና ሚካኤል ሮተር ከክራፍትቨርክ ወጥተው ያቋቋሙትን ኖይ (Neu!) የተባለ ቡድን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይባስ ችግር አለበት፤ ኖይ አዲስ ማለት ስለሆነ በእያንዳንዱ የጀርመንኛ ገጽ ላይ አለ። የኮሎኙ ቡድን ካን (Can) ስሙ በእንግሊዝኛ በየመስመሩ ከሚገኝ ቃል ጋር አንድ ነው። ለእነዚህ የቡድኑን ስም ጭራሽ ተዉት፤ የሁለት አባላትን ስም በአንድነት ፈልጉ። ሌላው ጥሩ ማጥመጃ ኮኒ ፕላንክ ነው። ፕላንክ እስከ 1974ቱ አውቶባን ድረስ ከክራፍትቨርክ ጋር፣ ከዚያም ውጭ ከኖይና ክላስተር ከተባለው ቡድን ጋር የሠራ የድምፅ መሐንዲስ በመሆኑ ስሙ የተጠቀሰበት ገጽ ብዙውን ጊዜ የምትፈልጉት ገጽ ነው።

የዳታ ወጪውን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል። አንድ የመጽሔት ቁጥር በፒዲኤፍ ከ50 እስከ 200 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ ሦስት ብታወርዱ የሳምንት ጥቅል አለቀ ማለት ነው። ከማውረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ሙሉ ጽሑፍ የሚለውን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም። ይህ ፋይል ለማንበብ አይመችም፤ መጽሔት በሦስትና በአራት ዓምድ ስለሚታተም ማሽኑ የአንዱን ዓምድ ግማሽ ከማስታወቂያው ጋር ያጋጨዋል። ጥቅሙ የምትፈልጉት ቃል መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ካለ፣ በድረ ገጹ ማሳያ ያንኑ ገጽ ብቻ ክፈቱ፤ ማሳያው የሚጭነው የምታዩትን ገጽና አጎራባቾቹን እንጂ ሙሉውን መጽሔት አይደለም። ኢፐብ የሚለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ምርጫ ደግሞ ባትነኩት ይሻላል። ከዚያው ከተበላሸው ጽሑፍ በማሽን የሚሠራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ስለ ቀን። መጽሔቶቹን የሚጭኑት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በገጹ አናት ላይ የተጻፈው ወርና ዓመት ይሳሳታል። አንድ ቃለ መጠይቅ በ1975 ወይስ በ1977 ተሰጠ የሚለው በእነዚህ ቡድኖች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ አለው፤ ምክንያቱም በመካከሉ መሣሪያውም ሰዉም ተለውጧል። ሁልጊዜ የሽፋኑን ወይም የማውጫ ገጹን ቀን እዩ።

ኢንተርኔት አርካይቭ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ በፊት ጎን ለጎን መከፈት ያለበት ሙዚንስ የተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ መሣሪያ መጽሔቶች ማኅደር ነው። ከመጋቢት 1981 ጀምሮ የወጣው ኤሌክትሮኒክስ ኤንድ ሚውዚክ ሜከር እዚያ አለ፤ ጽሑፉ ወደ ንጹሕ ድረ ገጽ ስለተገለበጠ ዓምድ ከዓምድ አይጋጭም፣ በቀላል ኢንተርኔትም ይከፈታል። በመስከረም 1981 ቁጥር ላይ ከሁተር ጋር የተደረገው ቃለ መጠይቅ ኮምፒዩተር ዓለም የተባለው አልበም በወጣበት ዓመት የተሰጠ ነው፤ የጠየቀው የመሣሪያ መጽሔት ስለሆነም ወሬው ስለ ፍልስፍና ሳይሆን በአብዛኛው ስለ ሥራ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የሮክ መጽሔቶች ስለ ሮቦትና ስለ ጀርመናዊነት ሲጠይቁ የመሣሪያ መጽሔቶች ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ይጠይቃሉ። ዎርልድ ሬዲዮ ሂስትሪ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ቢልቦርድንና ሜሎዲ ሜከርን የመሳሰሉ ሳምንታዊ ጋዜጦች ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ክምችቱ ግዙፍ፣ አቀማመጡ የተዝረከረከ፣ ፋይሎቹም ከባድ። የሙዚቃ ቅጂዎችን የሚዘረዝረው ድረ ገጽ ዲስኮግስ በ2000 ሲጀመር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝርዝር ብቻ ስለነበር በዚህ ዘርፍ የትኛው ሸክላ መቼና በየትኛው አገር እንደወጣ ለማጣራት ተወዳዳሪ የለውም፤ በሽፋን ጀርባ የተጻፈውን ለማንበብ ግን ምስሎቹ ትናንሽ ናቸው።

ከመጻሕፍቱ ወደ ሁለቱ ግለ ታሪኮች እንሂድ። ከ1973 እስከ 1987 በቡድኑ ውስጥ የነበረው ቮልፍጋንግ ፍሉር ሮቦት ነበርኩ የሚለውን መጽሐፉን በ1999 በጀርመንኛ አወጣ፤ ሁተርና ሽናይደር በሕግ ከሰሱት፤ በኋላ የወጡት እትሞችም ተለውጠዋል። ስለዚህ ከፍሉር ስትጠቅሱ የትኛው እትም እንደሆነ መጻፍ አለባችሁ። ካርል ባርቶስ ከ1975 እስከ 1990 ቆይቶ በ2017 በጀርመንኛ፣ በ2022 በእንግሊዝኛ የማሽኑ ድምፅ የሚለውን አሳተመ። የፍሉር ስሜት የበዛበትና ወሬ አዋቂ ነው፤ ባርቶስ በዱሴልዶርፍ ኮንሰርቫቶሪ የከበሮ ትምህርት የጨረሰ ሰው ስለሆነ የሚናገረው በሙዚቃ ቋንቋ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ የልጅነቱ ምዕራፎችም ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሲጫወቱ ዜማው እንዴት ይወለድ እንደነበር፣ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ደግሞ ሥራው ለምን እንደዘገየ ከእሱ የተሻለ የጻፈ የለም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው የባርቶስን ያንብብ። የዴቪድ ባክሊ የ2012 የሕይወት ታሪክ የወጡትን አባላት በማነጋገሩ ይጠቅማል። የኡቨ ሹቴ የ2020ው አጭርና ርካሽ ነው፤ ቡድኑን ከጀርመን ባህል ጋር ያገናኛል፣ መሣሪያ ለሚወድ አንባቢ ግን አያጠግብም።

ሁለቱን ግለ ታሪኮች ከሰነድ ጋር ማጋጨት ለምን እንደሚያስፈልግ የኤሌክትሮኒክ ከበሮው ጉዳይ ያሳያል። ክራፍትቨርክ በ1970ዎቹ መድረክ ላይ ይዞት የወጣው ከበሮ የብረት ሰሌዳዎች የተደረደሩበት ገበታ ነበር። ሽቦ የተያያዘበት የብረት ዘንግ ሰሌዳውን ሲነካ ዑደቱ ይዘጋና ከተራ የሪትም ሳጥን የተወሰደው ድምፅ ይወጣል። ፍሉር በሥራው የራሱ ድርሻ እንዳለበት ይናገራል። የአሜሪካው ፓተንት ላይ የሰፈሩት ስሞች ግን የሁተርና የሽናይደር ናቸው። ፓተንቱን ከነሥዕሉ በጉግል ፓተንትስ ላይ በሽናይደር ሙሉ የቤተሰብ ስም፣ ሽናይደር ኤስሌበን ብላችሁ ብትፈልጉ በነጻ ታገኙታላችሁ። ፓተንቱ የሚነግራችሁ ፈልሳፊ ተብለው የተመዘገቡት እነማን እንደሆኑ ነው፤ ግለ ታሪኩ ደግሞ የአንድ ወገን ቃል ነው። ሁለቱን ያላየ ጸሐፊ ከበሮውን ለአንዱ ሰጥቶ ያልፋል፤ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ያደረጉትም ይህንን ነው።

የፍርድ ቤት ሰነድም እንዲሁ የተረሳ ንባብ ነው። ከ1977ቱ ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ አልበም ብረት በብረት ላይ ከሚለው ሥራ 2 ሰከንድ ያህል ተወስዶ በ1997 በወጣ የሳብሪና ሴትሉር ዘፈን ውስጥ ተደጋግሟል። ሁተርና ሽናይደር አቀናባሪውን ሞሰስ ፔልሃምን ከሰው ጉዳዩ እስከ ጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት (2016) እና እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት (ሐምሌ 2019) ደርሷል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ውሳኔ በመዝገብ ቁጥር ሲ 476/17 በብዙ ቋንቋዎች በነጻ ይነበባል። ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ከሌላ ቅጂ ቁራጭ ድምፅ ወስዶ መጠቀም፣ ምን እንደሆነ ዳኞች በቀላል ቃል ያብራሩበት በመሆኑ ከብዙ የሙዚቃ መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ ነው።

ከክራፍትቨርክ ውጭ ክምችቱ እኩል አይደለም። በ1967 በኤድጋር ፍሮዘ የተመሠረተው የበርሊኑ ታንጀሪን ድሪም በሳምንታዊ ጋዜጦች ውስጥ በብዛት አለ፤ በተለይ ከ1974ቱ ፌድራ በኋላ። ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን የሙግ ሲንተሳይዘር ታሪክ ከመሠረቱ ለመረዳት የፒንችና የትሮኮ የ2002 መጽሐፍ ይመረጣል፤ ሠሪዎቹንና ተጫዋቾቹን ራሳቸውን አነጋግረው የጻፉት ነውና። ስለ ቶኪዮው ቡድን፣ ስለ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ፣ ያለው ክምችት ግን ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው ቀጭን ነው፤ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ከ1958 እስከ 1998 ለቢቢሲ ፕሮግራሞች የኤሌክትሮኒክ ድምፅ የሠራው የቢቢሲ ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ ባንድ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ክፍል ስለነበር ወረቀት የተረፈለት ነው። በዚህ ላይ ከሁሉ የምንመክረው የቢቢሲ ምህንድስና ክፍል በኅዳር 1963 ያሳተማትን 51ኛ ቁጥር ሞኖግራፍ ነው። ዴሊያ ደርቢሻየር ሮን ግሬነር ለዶክተር ሁ የቴሌቪዥን ድራማ የደረሰውን ዜማ በቴፕ ቁርጥራጭ ከሠራችበት ከዚያው ዓመት የተገኘች፣ መሐንዲስ ለመሐንዲስ የጻፋት ስስ መጽሐፍ ነች። የሉዊስ ኒበር የ2010 ጥናት ከእሷ ቀጥሎ ቢነበብ ሙሉ ይሆናል።

የእኛን አገር የሚነካው ክር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ መቅጃ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀድቶ፣ ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ አሳልፎ አዲስ ሥራ አወጣበት፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒየር ሼፈር በፓሪስ የጩኸት ጥናቶቹን በሬዲዮ ካሰማበት ከ1948 አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በኋላ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ይኸው ሰው ከ1962 እስከ 1964 አዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም በ1963 ያቋቋመው እሱ ነው። ዴኒዝ ሲክሪስት የጻፈችው የሕይወት ታሪኩ በ2003 ከኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ዓመታቱን የያዘው ክፍል በማውጫው በቀላሉ ይገኛል። ስትፈልጉት የአባቱን ስም (El-Dabh) በጭረት አያይዛችሁ፣ ለያይታችሁ፣ አንድ ቃል አድርጋችሁ ሞክሩ፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤች አንዳንዱ ጸሐፊ ይጥላታል፣ ስለዚህ ያለእሷም ፈልጉ። ዓመቱን ከ1962 በታች ካደረጋችሁት የአዲስ አበባው ይቀርባችኋል፤ ከ1965 በላይ ካደረጋችሁት ደግሞ በአሜሪካ ያስተማረበት ዘመን ብቻ ይወጣል።